ርግቦቹ ሳይወርዱ

ይድረስ ለወንድሜ ለሻዝሊ፤ የኩዌት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጅህ ራጂ ሰፈሩን ጉድ አሰኘው። ጣሪያችን ላይ ያሳደጋቸው ርግቦች ትናንት የዚያን ጉረኛ ባለርግብ የአቡ ዘይናን አውራ ርግብ ከአየር ላይ አታለው ይዘውት ወረዱ፤ በጨዋታው ደንብ ከእንግዲህ የእኛ ነው። ከየጣሪያው ጭብጨባው ቀለጠ።

ርግቦቹ ገና ሲዞሩ የድሮ ጓደኞቹ ከታች ሆነው ጠሩት። «ራጂ፣ ውረድ እንጂ፤ የምትወደውን ይዘናል። ወይስ አክስትህ አሰረችህ?» ባለርግብ መንጋው ሳያርፍ ከጣሪያ እንደማይወርድ ታውቃለህ። ራጂ ርግቦቹን የሚመራበትን ጨርቅ እያውለበለበ፣ «ርግቦቼ አየር ላይ ናቸው» አላቸው። ስቀውበት ሄዱ።

አምና «እነሱ የሚውጡትን ክኒን ስትውጥ አትፈራም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አክስቴ፣ ብቻዬን መቅረቱ ይብሳል» ያለኝ ልጅ ነው። ዛሬ ሰማይ ሙሉ ጓደኛ አለው።

ርግብ ግን ሲመሽ ይተኛል። የጉልበቴን ክኒን ጎረቤታችን ፊክሪያ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲያመኝ እያነከስኩ ሄጄ አንድ አንድ እውጣለሁ። መንገዱን ለምጄዋለሁ፣ አታስብ። ሌላ ክኒን አትላክልኝ፤ ለርግቦቹ እህል ላክ።

ራጂ እጅህን ስሟል። ድል ያደረገውን ልጅህን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።

እህትህ ሰኒያ