ከንፈሩ የተቆረጠ ሶኬት

ውድ ሙኽታር፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ አንተን ማወቅ በጣም ውድ ሆኖብኛል።

«ራሂማ በሰው ፊት አዋረደችኝ፤ ምን በደልኋት?» ብለህ በእህትህ በሰሚሐ በኩል ላክህብኝ። ምን በደልኋት! አቤት ድፍረት! ስልክህን የማላነሳው ድምፅህን ስሰማ ስለምስቅ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንዴ ተወስጃለሁ፤ ይበቃኛል። ስለዚህ በጽሑፍ ልንገርህ፤ በጽሑፍ ሲሆን መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም።

ከተመረቅን በኋላ ከዩኒቨርሲቲያችን አጠገብ፣ ፔዳ አካባቢ የተከራየናት ወርክሾፕ ትዝ ትልሃለች መቼም። የቢሮ ወለል ሶኬት እንሥራ ያልሁት እኔ ነበርሁ። በየቢሮው ጠረጴዛው መሃል ላይ፣ ሶኬቱ ግድግዳ ላይ፤ ሽቦው ወለሉን አቋርጦ ሰው ሲጠልፍ ይውላል። ከውጭ የሚመጣው የወለል ሶኬት ደግሞ ክዳኑ በወንበር ጎማ ሦስት ወር ሳይሞላው ይሰበራል። ከናስ እንሥራው፣ ሰው ሲቆምበት የማይጎብጥ፣ ሲያዩትም የሚያምር ይሁን አልሁህ። «ማን ወለል ያያል?» ብለህ ሳቅህብኝ። «የሚያጥበው ያያል» አልሁህ።

የሚያጥበው ደግሞ እትዬ ሸጊቱ ነበረች። ከመራዊ መጥታ የእኛንም የጎረቤቶቻችንንም ክፍል የምታጸዳው። ጫማዋን ታወልቃለች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ትሸጉጣለች፣ ከዚያ ባልዲውን ሙሉ ደፍታ በመጥረጊያ ትገፋዋለች። «ውሃ ያልፈሰሰበት ቤት ጸዳ ይባላል?» ትል ነበር። የመጀመሪያውን ሶኬት ወለሉ ላይ የቀበርን ዕለት ውሃዋን ደፋች፤ ወዲያው «በማርያም! ያዘኝ! ያዘኝ!» ብላ ተወረወረች። ብሬከሩ ቶሎ ባይወርድ ምን ይውጠን እንደነበር አላህ ያውቃል። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። አንተ ሮጠህ ለስላሳ ገዝተህ መጣህ፣ አጠጣሃት፣ መንቀጥቀጧ እስኪቆም አጠገቧ ቁጢጥ ብለህ ጉልበቷን አሸህላት። ይህን ሰው አገባዋለሁ ያልሁት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ ነግሬህ አላውቅም።

መላው የተገኘው ከአባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጣና ዳር ደንገል ሲያስር የኖረ ታንኳ ሠሪ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምንም የማያውቅ ሰው። ነገሩን ብነግረው «ልጄ፣ ውሃ በግድ አይከለከልም። ጠርዙን ከፍ አድርጊበት፤ ዘሎ ለገባው ደግሞ መውጫ ስጪው» አለኝ። በዚያው ቃል ሠራሁት። የሶኬቱን አፍ የሚዞር፣ ከወለሉ ግማሽ ጣት ከፍ የሚል ከንፈር፤ በላዩ ላይ እንደ ድስት ክዳን አልፎት የሚወርድ የናስ ክዳን፤ ከሥሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ። ስድስት ጊዜ ከሸፈ። በሰባተኛው ውሃው ከንፈሩን ዞሮት ሄደ። እትዬ ሸጊቱ እልል አለች።

ከዚያ የሐጂ ካሚል ሕንፃ መጣ። ሐይቁ ዳር፣ አርባ ሶኬት፣ ትልቅ አዳራሽ። «ዒድ ዒድ የሚሸት ልብስ ልበሺ» ብለህ ይዘኸኝ ሄድህ። ሐጂ «ይቺ ማናት?» ሲሉህ ምን አልህ? «ረዳቴ ናት። እሷ እንኳ ሥዕል ሥዕል ትላለች» አልሃቸው። እኔ በሣልሁት የሶኬቱ ንድፍ ላይ እጅህን አስቀምጠህ! እኔም ሞኟ ፈገግ አልሁ። ለዚያች ፈገግታ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልሁም። ሥራው በስምህ ሆነ። ሽማግሌ እልካለሁ ስትለኝ ከርመህ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ «ቤተሰቦቼ ጋብቻውን አልተስማሙበትም» የሚል መልእክት መጣልኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ግን ከርክክቡ ሁለት ሳምንት በፊት በናስ ሠሪዎቹ ደጅ ሳልፍ አርባዎቹን ሶኬቶች ተደርድረው አየኋቸው። ልሙጥ! ከንፈር የሚባል የለም። «የታለ ከንፈሩ?» ብላቸው «ሙኽታር ነው ቁረጡት ያለን። ከወለል ከፍ ሲል ያስጠላል፣ የውጭዎቹ ለጥ ያሉ ናቸው አለ» አሉኝ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ።

ያኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወላሂ! ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም አልሁ። ወለሉ መጀመሪያ የሚታጠብ ዕለት ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው ካፌ ቁጭ ብዬ፣ መብራቱ ድርግም ሲል፣ ስምህም አብሮ ሲጠፋ ለማየት ቀን እቆጥር ነበር።

ለርክክቡ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ ሸጊቱን ገበያ አገኘኋት። ፊቷ በርቷል። «ሥራ አገኘሁ እኮ! ያ ልጅ፣ ሙኽታር፣ ትልቁ ሕንፃ አስቀጠረኝ። አዳራሹን የማጥበው እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይስጠው!» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለካ በቀሌን ያዘጋጀሁት በእሷ ባዶ እግር ነው! ከእኔ በላይ ደግሞ አንተ፦ ጉልበቷን ያሸህላት አንተ፣ ከንፈሩን ያስቆረጥህ አንተ፣ በዚያው ወለል ላይ የቀጠርሃት አንተ። ረስተህ ነው እንዳልል አልረሳህም፤ ከቁም ነገር አልቆጠርሃትም።

ልደውልልህ ስልኬን አነሳሁ። ግን መልስህን አውቀዋለሁ፤ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አስተካክለዋለሁ» ትልና ከንፈሩን መልሰህ ትቀጥላለህ፣ ስሙም እንደገና ያንተ ይሆናል። አልደወልሁም። ርክክቡ ላይ የመጣሁት በዚያው በዒድ ልብሴና በላስቲክ ቦቲ ነው፤ ሰው ሁሉ ጫማዬን እያየ ሲስቅ ነበር።

አንተ ማይክ ይዘህ «ውበትና ጥንካሬ» ስትል ተነሣሁ። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ወለል በምን ያሳጥቡታል?» አልሁ። «በምን ታጥቦ ያውቃል? በውሃ ነዋ!» አሉ። «እንግዲያው እናንተ ደረጃው ላይ ውጡልኝና ይታጠብ» አልሁ። አጠገቤ መጥተህ «ራሂማ፣ ተይ እንጂ፣ እንግዳ አለ» ብለህ አንሾካሾክህ። እንግዶቹ ደረጃው ላይ ሲወጡልኝ የመጀመሪያውን ባልዲ ደፋሁ። ምንም አልሆነም፤ አንተም ፈገግ ብለህ ነበር። ሁለተኛውን ደፋሁ። ከአንዱ ክዳን ሥር ጭስ ጭስ አለ፣ ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ፣ ማይክህ ሞተ።

እሰይ! ያልሁት በልቤ ነው። ከዚያ ግን በር ላይ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሥራ ልትጀምር የቆመችውን እትዬ ሸጊቱን አየኋት። አንተም አየሃት። «አንተ ልጅ» አለችህ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «እኔ ነበርሁ እኮ የማጥበው።»

የሁለት ሳምንት ዝምታዬን ነግሬ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሷን ነው የጠየቅሁት፤ አንተን አይደለም፤ ከእኔ ዘንድ ያንተ የሆነ ይቅርታ የለም።

ሐጂ ሥራውን በስሜ አድርገውልኛል። ሊያባርሩህ ነበር፤ ይቆይ ያልሁት እኔ ነኝ። ለርኅራኄ እንዳትወስድብኝ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት መሮና መዶሻህን ይዘህ ትመጣለህ። አርባውንም በገዛ እጅህ ትፈነቅላለህ፣ የእኔን ከነከንፈራቸው በቦታቸው ትተክላለህ። የወለል ሥራ ነውና ተንበርክከህ ነው። አንዱን ተክለህ በጨረስህ ቁጥር መብራቱን አበራለሁ፣ እትዬ ሸጊቱ ባልዲዋን ትደፋለች። አንተ ጫማህን አውልቀህ ውሃው መሃል፣ ክዳኑ ላይ ትቆማለህ። አርባ ጊዜ።

አትፍራ፣ አይይዝህም። የእኔ ሥራ ነው።

ራሂማ መስዑድ
ባሕር ዳር