ምን መጣብህ?

ሞተሬ፣ ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ?

የዚህ አገር ተራራ ለሯጭ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የእግር መንገዱ ቀጭን ነው፤ አፈሩ እግር አይጎዳም። ዛሬ ጠዋት ሽቅብ ስሮጥ የድንጋይ አጥር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አዩኝና መዶሻቸውን ጥለው ተከተሉኝ። እሽቅድምድም ያማራቸው መስሎኝ ፍጥነት ጨመርኩ፤ እሳቸውም ጨመሩ። አናቱ ላይ ስቆም፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱና "ልጄ፣ ምን መጣብህ?" አሉኝ። እዚህ ሰው እንዲህ የሚሮጠው ክፉ ነገር ሲገጥመው ነውና ሊያግዙኝ ኖሯል። እኛ ሰፈር ብሮጥ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም፤ ቢያየኝም ሌባ መስዬው ነው።

"ምንም አልመጣብኝም አባቴ፣ ስፖርት ነው" አልኳቸው። ይቆጡኛል ስል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ "ብቻህን?" ሲሉኝ፣ አብሮኝ የሚሮጠው ጓደኛዬ ጉልበቱን ታሞ ቤት እንደዋለ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ከሱ ነው የምትሮጠው?"

ኦፕራሲዮን ከሆንክ ወዲህ ደጅህን አለመርገጤን አንተም ታውቃለህ። ክራንች ይዘህ ሳይህ ምን እንደምልህ ጨንቆኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የፖስት ካርዱ ቦታ እያለቀብኝ ነው። እማማን ሳምልኝ፤ እህትህንም ሰላም በልልኝ። በገባሁ ማግስት፣ በድሮ ሰዓታችን በርህ ላይ ነኝ። ክራንችህን ይዘህ ውጣና እስከ ጥጉ ሱቅ እንሂድ። አንተ ምራ።