የወይኒቱ ክንድ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለምሥራቅ፣ ለኮምፒውተሯ ባላባት፤

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ከግቢው በር በቀር የሚከለክለኝ የለም፤ ደኅና ነኝ። አክስትሽ ምሕረት ሥራ ስትሄድ ቆልፋብኝ ነው። ወደ አገሬ የሚወስደው የቡሬ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ እሰማለሁ፤ እኔ ከአጥር አጥር እመላለሳለሁ። ፍርዴን ታውቂዋለሽ፦ «የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ወር ሙሉ ከ140 በታች ካልዋለ ወደ አገርዎ አይመለሱም» ብላኛለች።

ጧት ጧት የግፊቱን ቁጥር በደብተር እጽፋለሁ፣ ምሕረት ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፣ አንቺ በዚያ ማትፕሎትሊብ በምትዪው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥዕል ታደርጊዋለሽ። ሥዕሉ ብቻውን ሳለ ወዳጄ ነበር። መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ እሾህ ብቅ ቢል ማን ልብ ይለዋል? ምሕረትም «እየተሻለዎት ነው» ማለት ጀምራ ነበር። ምን ቆርጦሽ ነው ከሥሩ ሠንጠረዥ የጨመርሽበት? ቀኑን ከላይ፣ ቁጥሩን ከታች ደርድረሽ! እሑድ በስልክ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አባባ፣ በ12፣ በ21፣ በ29 ምን ይሆናሉ?» ስትዪኝ ሳል ያዘኝ።

«ለመጨመር እኮ አንዲት ትእዛዝ ናት» አልሽ። ለአንቺ አንዲት ትእዛዝ፤ ለእኔ አንድ ክረምት እስር።

እንግዲህ ስሚ። የምለካው የተከራይዋን የወይኒቱን ክንድ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ 110 ሰጥታኝ ትሄዳለች። «አባባ፣ ኋላ እኔን ሆስፒታል እንዳያስገቡኝ» እያለች ስትሥቅ ከረመች፤ አትቆጫት። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ እግዚአብሔር ግን በሌሊት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ያልተለካ ቁጥር መጻፍ ደግሞ ውሸት ነውና፣ ያን ቀን የራሴን እለካለሁ።

ብዕር ያነሣሁት ሠንጠረዡን አጥፊልኝ ልልሽ ነበር። ዛሬ ግን ወይኒቱ እጅጌዋን ሰብስባ ስትመጣ መለስኋት። የራሴን ለካሁ፦ 186 በ108። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳላጓድል ነው ይኼ። በመጨረሻው ዓምድ አስገቢው፤ ለምሕረትም አንቺው አሳዪያት፣ እኔ ዓይኗን ማየት አልችልም። «መስመሩ እስኪወርድ አትጠብቂ፤ አባባን አሁኑኑ ቤታቸው አድርሻቸው» በያት። ከቤቴ ጤና ኬላው ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። የሴት አያትሽ መቃብር ግን ቅርብ ነው።

ስልኩ የምሕረት ስለሆነ፣ ይህን ለአዲስ አበባው ሾፌር ለአድማሴ በአጥር አሾልኬ ነው የምሰጠው።

እግርሽ ከፈቀደው ደጅ አይከልከል፤ ሽማግሌ የማይቆለፍበት ቤት ይስጥሽ።

እስረኛው አያትሽ
ገብረሰንበት