ለፋሲካው ጥብስ የተሠራው ጠረጴዛ

ዲላ፣ ሚያዝያ መባቻ ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ላለኸው ልጄ ለሠረቀብርሃን። ከየካቲቱ ግርግር ወዲህ ወረቀትህ አልደረሰንም፤ እንደምን ሰነበትህ? እኔና አባትህ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ሰሞኑን ግቢያችን ሳቅ በሳቅ ሆኗል። አባትህ ጣልያኖቹ ሰፈር ሥጋ በደጅ ሲጠበስ አይቶ፣ "እኔም ለፋሲካ ከምድጃው አጠገብ መበለቻ ጠረጴዛ ያስፈልገኛል" አለ። ጎረቤታችን አናጢው ገሪማ ከዋንዛ ግንድ ሠራለት። ቅርፊቱን እንኳ አልላጠውም፤ እግሮቹ ግን ዝሆን ቢቆምበት አይነቃነቁም። ጾም ነውና በምን እንፈትነው? ዱባ ቆርጠን ጠበስን። አባትህ ዱባውን እንደ በግ እየበለተ፣ "ይቺ ጎድኗ፣ ይቺ ሽንጧ" እያለ ሲያድለን፣ ገሪማ ሳቁ አላስቆም ብሎት መሬት ላይ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ብቻ አጨቃጨቃቸው። ገሪማ የቢላዋውን መስቀያ በቀኝ በኩል መታው። አባትህ ነቅሎ ወደ ግራ አዞረው። ገሪማ "እዚህ ቤት ግራኝ ማን አለ?" ቢለው፣ "የእኔን በግ የሚበልተው ልጄ ነው" አለና ምስማሩን ደጋግሞ መታው።

ይህን ወረቀት ነጋዴው ኡስማን በካሚዮን ይዞልህ ይመጣል። ባለፈው ቤትህን አጣሁት ብሎን ነበር፤ ሰፈሩ ተምታቶበት ይሆናል። አሁን አባትህ እንደገና አስረድቶታል። የወረቀቱን ጀርባ ባዶ የተውኩት ለአንተ ነው። በዚያች በተጋደመች ጽሕፈትህ አንድ መስመር ጻፍበትና ለኡስማን መልስለት።

በደህና ያገናኘን። ቢላዋህ ተስሏል።

እናትህ እታገኝ