ሰባቱ የቦምቤይ ደሴቶች

ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፱፤ ጅጅጋ

ነፋሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ ዋለ። ለስድስተኛ ክፍል የቦምቤይን ትምህርት ጀመርኩ። በሱቆቻችን የሚሸጠው ጨርቅ ድሮ ከዚያ በዓደን ወደብ በኩል ይመጣ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ በልጅነቴ እንደ ገለበጥኩት፣ ቃል በቃል። «ቦምቤይ በሰባት ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ ሕዝቧ ከደሴት ደሴት በጀልባ የሚሻገር የንግድ ከተማ ናት።» ሦስት ጊዜ በአንድ ድምፅ አስደገምኳቸው። ይዘውታል።

ኅዳር ፲

ሲደግሙ ኢዲል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ባሕሩ ተደፍኗል። አያቴ እዚያ በእግሩ ነው የሄደው።»

«አያትሽ የት የተማሩ ናቸው?»

«አልተማረም። መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ጉሌድ ከኋላ፣ «ግመሉንም በመርከብ ወሰደው?» አለ። አላስቆምኩም... እስኪደወል ግድግዳው ሥር አንበረከክኳት። አላለቀሰችም።

እኛስ እንዲሁ ተቀጥተን አይደለም የተማርነው? የተጻፈ ነገር በወሬ ይሻራል?

ኅዳር ፲፪

ኢዲል አልመጣችም። ሁለተኛ ቀኗ።

ኅዳር ፲፮

ዛሬም የለችም። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት አመለወርቅ፣ «ጋሼ፣ ቤቷ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። እርስዎ ቢሄዱ ይሻላል» አለችኝ። መምህር ወደ ተማሪው ቤት ለልመና ይሄዳል? አልኳት። ትታኝ ወጣች። ነገሯ ምሳዬን አላስበላኝም።

ኅዳር ፳፫

አመለወርቅ አዲስ አትላስ ጠረጴዛዬ ላይ ገልጣ ትታልኝ ሄዳለች። ቦምቤይ አንድ ወጥ መሬት። ደሴቶቹ ከተጋጠሙ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ይላል። እንግዲህ እኔ ስገለብጠው እንኳ ልክ አልነበረም... አርባ አንድ ዓመት አስተማርኩት። ለስንት ልጅ?

ኅዳር ፳፬

ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አያቷ አቶ ሱጉሌ ናቸው።

«ዘገየህ፣ መምህር። ቅዳሜ ጉናጋዶ ሄደች። አክስቷ ዘንድ ፍየል ትጠብቃለች።»

አንተ አሉኝ። የተገባኝ ነው።

«እናቷ ናት የላከቻት?»

«እሷ ራሷ ናት። አያቴ የተሳቀበት ክፍል አልገባም አለች።»

ክፍል ገብተው ያዩትን ለልጆቹ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ልመና ነበር። «ሻይህን ጠጣ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ፩

አቶ ሱጉሌ መጡ። ንጹሕ ሽርጥ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ወንበሬን ሰጥቻቸው እኔ በኢዲል ቦታ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ።

«ሰው በዛ፣ መሬት አነሰ» አሉ። «ኮረብታ እየናዱ ባሕሩ ውስጥ ጨመሩ። እኔ የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው። መንገድ ዳር የሚተኛው ሰው ብዛት... እግር ማሳረፊያ የለም። የጥጥ እስር እንደ ቤት ተከምሮ፣ መርከብ ይጠብቃል።»

ጉሌድ እንደ ገዛ አያቱ፣ «አዎዌ፣ እዚያ ግመል አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔ አላየሁም። አንተ ብትሄድ የመጀመሪያው ነህ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ሳቅ ኢዲል ብትሰማው...

ልጆቹ ሲወጡ ወረቀት አውጣ አሉኝ። «እኔ መጻፍ አልችልም። ለኢዲል ጻፍልኝ። መምህርሽ በቦታሽ ተቀምጦ ሰማኝ፣ በል።»

ጻፍኩ። ቃል በቃል።

ትመለስ ይሆን? ብዬ ጠየቅኋቸው። «አላውቅም» አሉ።

የጉናጋዶው መኪና ነገ ይነሳል። ደብዳቤውን ከማጠፌ በፊት ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ፣ እጇን ያወጣች ቀን ልላት ይገባኝ የነበረውን ከታች ጻፍኩላት። «ትክክል።»