የስኩዌር ሩቱ ጣሪያ

ሰኞ፣ ኅዳር 12። 11 ሰዓት።
የ10ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ጥያቄ 4፦ 2 log x + ½ log yን ወደ አንድ ሎግ አጠቃልሉ። ሁለቱ የx ኤክስፖነንት ይሆናል፣ ግማሹ የy ስኩዌር ሩት፣ ከዚያ ማባዛት ነው። log(√y·x²)፣ አለቀ። የአያንቱ የጥናት ቡድን ግን አምስቱም የሩቱን ጣሪያ እስከ x² ድረስ ስበውታል። አምስት ሰው፣ አንድ ስህተት። ተኮራርጀዋል። በሙሉ ፈተናው ዜሮ ሰጠኋቸው። ተናድጃለሁ፣ ማስታወሻዬ።

ማክሰኞ፣ 13።
ወረቀት መለስኩ። አያንቱ አላለቀሰችም፣ እሱ ነው የከነከነኝ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል መጣች። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች፦ አልኮረጅንም፣ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ፣ ከወንድሜ ከገመቹ ደብተር። ይዛው መጥታለች። በጋዜጣ የተለበደ። የጎበዝ ተማሪ ደብተር በኛ ከተማ አይጣልም፣ ለታናሽ ይተላለፋል።
ከፈትኩት። ረጅሙ ጣሪያ እዚያ አለ። ከሥሩ በቀይ የኔ ፊርማ፣ «ጎበዝ» ከሚል ጽሑፍ ጋር።
«ቲቸር፣ ገመቹ ቦርድ ላይ ያላየውን አይጽፍም» አለች።
እውነቷን ነው። ነጥብ እንኳ የማያልፈው ልጅ ነበር።

ሐሙስ፣ 15።
xን 10፣ yን 100 አድርጌ ሞከርኩት። መልሱ 3 ነው። በረጅሙ ጣሪያ 2 ይወጣል። ከስምንት ዓመት በፊት ገመቹን ያስተማርኩ ቀን ቸኩዬ ይሆናል። ጠመኔው አንድ ጣት ያህል ነው ያለፈው። ሳላይ ፈረምኩበት። አፈርኩ።
ዛሬ ሁለቱንም ቦርድ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። ስህተቱ የኔ ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ውጤቱን አስተካከልኩ። ኮራጅ ስላልኳቸው ግን አምስቱን በስማቸው እየጠራሁ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ዓርብ፣ 16።
ቀሎኝ ነበር። አያንቱን ገመቹ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኳት። ዘንድሮ እጃጂ ከተማ ሥራ ጀምሯል አለች። አስተማሪ ነው። የሒሳብ። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው ከዚሁ ደብተር ባነሳው ፎቶ ነው፤ ከቲቸር ማስታወሻ የተሻለ የለም ይላል አሉ።
ሎጋሪዝምን አስተምሯል ወይስ ገና ነው አልኳት። አላወቀችም።
ስልክ ቀላል ነበር። ግን ፊት ለፊት ያስተማርኩትን ፊት ለፊት ነው የማርመው። ደብተሩን ተውሻለሁ። ነገ በጠዋት የእጃጂ ሚኒባስ እይዛለሁ። ጣሪያውን ገመቹ ፊት በቀይ አሳጥረዋለሁ፣ ፊርማዬንም እሰርዛለሁ። «ጎበዝ» የሚለው ግን ይቆያል።