ሁለት ያልኩት ሕመም

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ናቸው? እዚህ ላይ እንደ ወጉ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁና ተውኩት። አምላኬን ማመስገኑን አልተውኩም፤ «ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ያዝ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው ልጄን ልጠይቅ፣ አገርም ልይ ብዬ በእንግዳ ቪዛ ነው እዚህ ባሕር ማዶ የመጣሁት። ገና ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ አንዳች ነገር ይወጋኝ ጀመር። ሲብስበት እስከ ትከሻዬ ይወጣል። ለልጄ አልነገርኳትም። ሥራ ውላ ደክሟት ትገባለች፤ እንግዳነቴ ሳያንስ በሽተኛ ልሁንባት? «አባባ፣ ለምን አትበላም?» ስትለኝ የመንገዱ ድካም ነው እላታለሁ። አንድ ጠዋት ግን ካልሲዬን ላደርግ አጎንብሼ መቃናት ሲያቅተኝ አየችኝ።

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። መግቢያው ላይ ያለችው ጸሐፊ ፓስፖርቴን አገላብጣ እንግዳ መሆኔን ስታይ ወደ ሌላ መስኮት ላከችን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ወደ እሷ መለሱን። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከየትኛው ጎራ እንደምትመድበኝ ነው የጠፋት። ቆይተን ቆይተን ልጄ ወደ ሥራዋ ተጠርታ ሄደችና ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ቋንቋዬን አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠና ከውስጡ አንዲት የእኛው አገር አስተርጓሚ ሴት እንደምን ዋሉ አባባ አለችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እንዴት ነዎት ስትለኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እሷም እንዳለ ተረጎመችለት። ቀጥሎ ሕመምዎን ከአንድ እስከ አስር በቁጥር ይንገሩኝ ይላል አለችኝ፤ አስር የመጨረሻው ነው። አሰብኩ። አስርን ለሰማዕታት ተውኩ። ዘጠኝን ለምታምጥ ሴት። ቀሪውን እግሩ ለተቆረጠው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት እያልኩ ሳካፍል ለእኔ ሁለት ደረሰኝ። ሁለት አልኩ። ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ።

ድሮ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የምትናገርልኝ የልጆቼ እናት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። እኔ ደህና ነኝ ስል እሷ ከኋላዬ አይስሙት፣ ሲያቃስት ነው ያደረው ትል ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ሕመሜን የሚናገር አፍ እንደሌለኝ ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ተመልሰን ሄድን። የእግዜር ሥራ ሆኖ ስልኩ ውስጥ ያችው ሴት ነበረች። እየተንቀጠቀጥኩ ተመስገን ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«አባባ፣ ምስጋናዎን እግዜር ሰምቷል። ይሄ ሰውዬ የሚጠይቀው ስለ ሆድዎ ነው። ለእናትዎ እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ።»

አለቀስኩ እታለም፣ በዚህ ዕድሜዬ። «ዘጠኝ ነው ልጄ» አልኳት።

ለካ የሐሞት ጠጠር ኖሯል። ጥቂት ብቆይ ኖሮ ከረጢቱ ይፈነዳ ነበር አሉ። በዚያው ዕለት ቀደው አወጡልኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ስፌቱን አየሁት፤ ከኮት የቁልፍ ቀዳዳ አይበልጥም፣ የሰፋው ሐኪም እጁ ጥሩ ነው። አሁን ልጄ ቤት ነኝ። ከአልጋ እስከ መስኮት ስሄድ እንኳ ይደክመኛል። ቁስሉ እስኪጠግግ አውሮፕላን መሳፈር ተከልክያለሁና መመለሻዬ ተራዝሟል። ያየሁት አገርም ይኸው ከመስኮቱ የሚታየው ነው።

ተኝቼ ራሴን እመረምራለሁ። ያ «ደህና ነኝ» ምስጋና ነበር ወይስ ኩራት? እግዚአብሔር የሚያውቀውን ከሐኪም መደበቅስ ትሕትና ይባላል? አልለየሁትም። ከቀዶው ስነቃ ግን ልጄ አልጋዬ አጠገብ ቆማ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ላላስቸግራት ብዬ የባሰ አስቸገርኳት።

ስለ አንቺም ሰምቻለሁ። ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ ብላ ጎረቤትሽ ለልጄ ነግራታለች። በስልክ ስጠይቅሽ እኔ ምን እሆናለሁ ትይኛለሽ። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ አውቅሻለሁ። ሐኪም ቤት ሂጂ። ብቻሽን እንዳትገቢ፤ የልጅሽ ሚስት ከኋላሽ ቆማ እውነቱን ትናገር።

ልጅሽን በርታ በይልኝ። ሚስቱን ይህን አደራ ስለጣልኩባት ይቅርታ ጠይቂልኝ። ትንሿን የልጅ ልጅሽን «አይጢት»ን ሳሚልኝ፤ ቀሚሷ ጨርቁ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ስመጣ እሰፋዋለሁ። ያችን ወሬኛ ጎረቤትሽንም እግዜር አፏን አይዝጋው በያት። አንቺም መልስ ስትጽፊልኝ ሰላምታውን ወደ ኋላ አድርጊና መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ሁለት ካልሽኝ አላምንሽም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልጄ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ጥር 9 ቀን